አሮጌ ቲ3 ካምፐር ውስጥ የሱባሩ ኢጄ22 ሞተርና አዳዲስ ጌጆች፦ የመቀየሪያ ኪቱ ግምገማ

የቮልስዋገን ቲ3 ካምፐር የራሱ ሞተር ሲደክም በቦታው የሱባሩን ኢጄ22 ለማስቀመጥ የተዘጋጀ ኪት የሚሸጡ ዎርክሾፖች ብዙ ናቸው። ካርቶኑ ሲከፈት የሚገኘው ዕቃ ግን ከአንዱ ሻጭ አንዱ ብዙም አይለይም፦ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያጋጥም አዳፕተር፣ እንደገና የተበሳ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ)፣ አጭር የዘይት ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት)፣ የሞተር መቀመጫ ብረቶች፣ የውሃ መውጫውን አቅጣጫ የሚያዞር ማኒፎልድ፣ የጭስ ቱቦዎች፣ ተጨማሪ ከተከፈለ ደግሞ ተቆርጦ የተዘጋጀ የሽቦ መስመርና ሦስት አራት ክብ ጌጅ (መለኪያ)። ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፣ የብረቱ ክፍል የተከፈለበትን ያህል ይሠራል። የውሃው መስመር አብሮት ከሚመጣው መመሪያ በላይ ማሰብ ይጠይቃል። ጌጆቹን ግን ከኪቱ ጋር አለመግዛት ይሻላል።

ቲ3 በ1979 ሲወጣ የቤንዚን ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። ከ1982 መጨረሻ ጀምሮ በውሃ የሚቀዘቅዘው 1.9 ሊትር ተተካ፣ ቆይቶም 2.1 ሊትር መጣ። የእነዚህ የውሃ ሞተሮች ሕመም ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን የሚከድነው ራስ) ላይ ነው። የውሃውን ክፍል ከውጭ የሚዘጋው ወፍራም የጎማ ጋስኬት ሲሆን፣ ኩላንቱ በጊዜው ካልተቀየረ ጎማው የሚያርፍበት አሉሚኒየም ይበላል። አንዴ ከተበላ በኋላ ጋስኬት መቀየር ፋታ ይሰጣል እንጂ አያድንም። ጉልበቱም ቢሆን 1.9ው እንደ ዓይነቱ ከ60 እስከ 90 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከነአልጋው፣ ከነምድጃውና ከነውሃ ታንከሩ ሲጫን 2 ቶን ለሚያልፍ መኪና ዳገት ላይ ይህ አይበቃም። ኢጄ22 ወደ 130 ይሰጣል። ከዚያም በላይ እንደ ቲ3 ሞተር ሁሉ ፒስተኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ ስለሆኑ ከአልጋው ወለል በታች ይገባል፤ ወለሉን መቁረጥ የለም።

ሞተር ሲፈለግ ዓመተ ምርቱ ከኪሎሜትሩ ይበልጣል። እስከ 1996 የተሠራው ኢጄ22 ታይሚንግ ቤልቱ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ መኪናው ይቆማል እንጂ ሞተሩ አይበላሽም። ከ1997 ጀምሮ ያለው ግን ይጋጫል። ከ1990 እስከ 1994 ያለው የሱባሩ ሌጋሲ መኪና ኮምፒውተር ደግሞ ብልሽቱን በዳሽቦርድ መብራት ብልጭታ ስለሚናገር መመርመሪያ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ የሽቦውም ብዛት ያነሰ ነው። አንዳንድ ሻጭ «ትንሽ ጨምረህ ኢጄ25 ውሰድ» ይላል፤ ተለቅ ያለው የሱባሩ ሞተር ማለቱ ነው። የዚያ ሞተር የቴስታታ ጋስኬት ችግር የታወቀ ነው፤ ከቴስታታ ችግር ለመሸሽ ተብሎ ወደ ቴስታታ ችግር መግባት ትርጉም የለውም። ነዳጅ መስጫው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ አዲስ ሞተርም የፔዳሉን ሴንሰር፣ የቁልፉን ኮምፒውተርና ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። የቲ3 የነዳጅ ፔዳል ኬብል በቀጥታ የሚይዘው አሮጌው ነው።

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ የሚቀየሩ ነገሮች አሉ፦ ታይሚንግ ቤልት፣ መወጠሪያውና ሮለሮቹ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የካምና የክራንክ ሲሎች፣ የቫልቭ ክዳን ጋስኬቶች። ሁለት ቦታ ግን ብዙ ሰው አያይም። አንደኛው የዘይት ፓምፑ ጀርባ ነው፤ እዚያ ያሉት ትናንሽ ብሎኖች በጊዜ ብዛት ይላላሉ፣ የዘይት ግፊቱም ይወርዳል። ፓምፑ ወርዶ ብሎኖቹ በማጣበቂያ እንደገና ይታሰሩ። ሁለተኛው ከቮላኖው ጀርባ ያለው የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ በሙቀት ይጣመምና ዘይት ያንጠባጥባል። በብረቱ መቀየር ዋጋው ትንሽ ነው፣ በኋላ ካምቢዮ አውርዶ መቀየር ግን ሙሉ ቀን ይበላል። ኪቶቹ ይህን ክዳን አለመጨመራቸው ያስገርማል።

አዳፕተሩና ቮላኖው የኪቱ ምርጥ ክፍል ናቸው። የኢጄ22 ክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ቮላኖ የሚይዘው በስምንት ቡሎን ነው፤ ስለዚህ ኪቱ የቮልስዋገኑን ቮላኖ ለስምንት ቡሎን እንደገና በስቶ ይሰጣል። የቲ3ው ፍሪሲዮንና ሞተሪኖ በቦታቸው ይቀራሉ። ጥሩ አዳፕተር የሚለየው በመሃል መሪ ፒኖቹ ነው። ፒኑ በእጅ ገፋ ሲደረግ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ቡሎኖቹ ብቻ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር መሃል ለመሃል አያስቀምጡትም። ቮላኖው በ72 ኒውተን ሜትር ከታሰረ በኋላ (ኪቱ ሌላ ቁጥር ከሰጠ በእሱ) ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዋለልን የሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ) ተተክሎ ክራንኩ ይዞር፤ ፊቱ ላይ ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ከዋለለ ይመለስ። ይህ ልኬት ከተዘለለ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታም ቶሎ ትበላለች። ጥፋቱ ደግሞ ሁልጊዜ በፍሪሲዮኑ ይመካኛል።

የሱባሩው የዘይት ኮፓ ቲ3 ውስጥ በጣም ወደ መሬት ይወርዳል፤ ለዚህ ነው አጭር ኮፓ የሚሰጠው። ኮፓው ሲያጥር የዘይት መምጠጫውም አብሮ ማጠር አለበት። ከመዝጋትዎ በፊት መምጠጫው አፍ ላይ ለስላሳ ሸክላ ለጥፈው ኮፓውን ያለ ጋስኬት ገጥመው ያውጡት፤ የተጨፈለቀው ሸክላ ውፍረት ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ መምጠጫው ይታፈናል፣ ከዚያ ከበለጠ ደግሞ ረጅም ኩርባ ላይ አየር ይስባል። አጭሩ ኮፓ የሚይዘው ዘይትም ስለሚቀንስ የሱባሩው ዲፕስቲክ ምልክት አይሠራም። መምጠጫውን ከሚሸፍን መጠን ተነስቶ አዲስ ምልክት መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ቆርጦ የሚልክ ሻጭ ጥቂት ነው፣ ካገኙ ይምረጡት።

አሁን ወደ ውሃው። ሱባሩ ውስጥ ሞተሩ ከፊት ሆኖ ቮላኖው ወደ ኋላ ያያል። ቲ3 ውስጥ ሞተሩ ከኋላ፣ ቮላኖው ወደ ፊት ነው። ስለዚህ ታይሚንግ ቤልቱ ወደ ኋላ መከላከያው በኩል ይመጣል፤ ለወደፊት ጥገና በጣም ይመቻል። የውሃው መውጫና መግቢያ ግን ከራዲያተሩ ተቃራኒ ይሆናሉ፣ ምክንያቱም የቲ3 ራዲያተር ከአፍንጫው ላይ ነው። ኪቱ የሚሰጠው ማኒፎልድ መውጫውን ወደ ፊት ያዞረዋል። ይህ ጥሩ ነው፤ መመሪያውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

መመሪያው የማይናገረው የቴርሞስታቱን ጠባይ ነው። የኢጄ22 ቴርሞስታት ያለው ውሃው ከሞተሩ በሚወጣበት ሳይሆን ወደ ሞተሩ በሚገባበት በኩል፣ ከውሃ ፓምፑ ሥር ነው። በ78 ዲግሪ ገደማ መከፈት ይጀምራል፤ ግን የሚሰማው ሞተሩ ውስጥ ያለውን ሙቀት ሳይሆን ጀርባውን የሚነካውን ውሃ ነው። ያ ውሃ የሚመጣለት በማሞቂያው መስመር ዞሮ ነው። የቲ3 ማሞቂያ ደግሞ ቫልቭ አለው፤ አሽከርካሪው ሙቀት አልፈልግም ብሎ ሲዘጋው የሞቀው ውሃ መንገዱን ያጣል። ሞተሩ ወደ መፍላት እየሄደ ቴርሞስታቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ይላል። ጌጁ ላይ የሚታየው ምልክት ግልጽ ነው፦ መርፌው ቀስ እያለ ወደ ቀይ ይወጣል፣ ከዚያ በድንገት ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ሰው ይህን ሲያይ ቴርሞስታት ይቀይራል፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ያደርጋል። መፍትሔው ሞተሩ አጠገብ የማሞቂያውን መውጫና መመለሻ በቲ መጋጠሚያ የሚያገናኝ፣ ምንጊዜም የማይዘጋ አጭር ቱቦ ማስገባት ነው፤ 16 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል። ቴርሞስታቱም የሱባሩ ኦሪጅናሉ ይሁን። በገበያ ላይ ያሉት ተመሳሳዮች አንዳንዶቹ አፋቸው ጠባብ ነው፣ ረጅሙ የቲ3 መስመርም ያንን ጥበት አይችልም።

ከዚያ አየሩን ማስወጣት አለ። የቲ3 ሙሉ ሲስተም ከ16 እስከ 17 ሊትር ይይዛል። ሲሞላ 12 ሊትር ላይ እምቢ ካለ የቀረው አየር ነው። መኪናውን ከፊት ከፍ አድርጎ፣ ሞተሩን ከ2,000 ዙር በላይ ይዞ፣ ከራዲያተሩ ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ብሎን ከፍቶ ውሃ ያለ አረፋ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ከማኒፎልዱ ከፍተኛ ቦታ ወደ ውሃ መያዣው የሚሄድ ቀጭን ማስተንፈሻ ቱቦ ካለ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል፤ የሌለው ማኒፎልድ ቢገዙ እንኳ ቀዳዳ አስበስተው ይጨምሩበት። በሆዱ ሥር የሚሄዱት ረጅም የፕላስቲክ ቱቦዎች ዕድሜያቸው ከገፋ ጫፎቻቸው ላይ ያለው የብረት ቀለበት ይላላና በግፊት ቱቦው ይወልቃል። ሞተር የሚለወጥበት ቀን እነሱን በማይዝግ ብረት መለወጥ የሚበዛ ወጪ አይደለም። የራዲያተሩ ማራገቢያ ማብሪያ ግን ራዲያተሩ ላይ ራሱን ችሎ ስላለ ከሱባሩ ኮምፒውተር ጋር አያገናኙት፤ እንደነበረ ይተው።

ሽቦውን በተመለከተ የተቆረጠና የተሰየመ መስመር መግዛት ያዋጣል፣ በተለይ የእርስዎን ሞተር መስመር ልከው የሚያሳጥሩልዎት ከሆነ። ሲረከቡ የሚታዩ ነገሮች፦ የክራንክና የካም ሴንሰር ሽቦዎች ከነመከላከያ ጥልፋቸው መኖር አለባቸው፤ ጥልፉ ከተቆረጠ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ይቆራርጣል። የመመርመሪያ ማገናኛዎቹና የሞተር መብራቱ ሽቦ አለመጣላቸውን ይዩ። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ጋር በቡሎን የሚታሰሩት የማሳ (የኔጌቲቭ) ሽቦዎች በሙሉ ይኑሩ፤ ቀለምና ዝገት ከሥራቸው ይፋቅ። «አይነሳም» ከሚባሉት አዲስ ልውውጦች ብዙዎቹ እዚህ ነው የሚድኑት። የነዳጅ መስመሩ ግፊት 2.5 ባር ገደማ ስለሆነ ኢንጀክሽን ያለው ቲ3 የራሱ የቦሽ ፓምፕ ይበቃዋል፤ መመለሻ ቱቦውም ይቆይ። ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሲመረጥ ከውሃ ታንከሩና ከመታጠቢያው ካቢኔ ይራቅ፤ ካምፐር መሆኑ እዚህ ላይ ነው የሚረሳው።

ከኪቱ ጋር የሚመጡት ክብ ጌጆች ችግራቸው ጥራት ላይሆን ይችላል። ችግሩ ከሞተሩና ከቲ3 ሴንሰሮች ጋር አለመግባባታቸው ነው። የአውሮፓው ቪዲኦ (VDO የተባለው አምራች) ዓይነት የዘይት ግፊት ሴንሰር ግፊት በሌለበት 10 ኦም፣ መጨረሻው ላይ 184 ኦም ያነባል። የአሜሪካኑ ዓይነት ተቃራኒ ነው፦ ባዶ ላይ 240፣ ሙሉ ላይ 33። ሁለቱ ከተደባለቁ መርፌው ሞተሩ ሲጠፋ ከፍ ይላል፣ ሲነሳ ይወርዳል። ጌጁን ዳሽቦርዱ ላይ ከመትከልዎ በፊት በጠረጴዛ ላይ ይፈትኑት፦ ባለ 5 ባር የቪዲኦ ጌጅ ከሴንሰሩ ይልቅ ባለ 82 ኦም ሬዚስተር ሲታሰርበት 2 ባር ላይ መቆም አለበት። ሌላ ቦታ ከቆመ ስህተቱ ከጌጁ ወይም ከሽቦው ነው፣ ሞተሩን መጠርጠር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ጥርሱ። የሱባሩ የዘይት ግፊት ማብሪያ ያለው ዲናሞው ሥር ሲሆን ጥርሱ የእንግሊዙ 1/8፣ በኢንች 28 ነው። የጌጅ ሴንሰሮች ብዙዎቹ የአሜሪካው 1/8፣ በኢንች 27 ናቸው። ሁለት ሦስት ዙር ይገባል፣ «ገጠመ» ያሰኛል፣ ከዚያ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላል። ትክክለኛውን መለወጫ መግዛት ግድ ነው። ከባዱን ሴንሰር በነሐስ ቲ ላይ አንጠልጥሎ መተውም አይሆንም፤ በንዝረት ቲው ይሰነጠቅና ዘይቱ በሙሉ ይፈሳል። ከሞተሩ 30 ሴንቲሜትር ያህል የተጠለፈ ቱቦ አውጥቶ፣ ቦዲው ላይ የታሰረ ትንሽ ብሎክ ላይ ሴንሰሮቹን መደርደር ነው የሚያዛልቀው። ብሎኩ ከሞተሩ ስለሚለይ የራሱ የማሳ ሽቦ ይፈልጋል፣ አለዚያ ጌጁ ምንም አያነብም።

ይህ ብሎክ ሌላም ጥቅም አለው። የኋለኞቹ ቲ3ዎች የዘይት ማስጠንቀቂያ በሁለት ማብሪያ ይሠራል፦ አንዱ በ0.3 ባር፣ ሌላው በ0.9 ባር፤ ሞተሩ ከ2,000 ዙር ሲያልፍ ሁለተኛው ካልመለሰ ጩኸት ይለቃል። ሱባሩ ያለው አንድ ማብሪያ ብቻ ስለሆነ ጩኸቱ መንገዱን ሙሉ አይቆምም፤ ብዙ ሰውም ጩኸቱን ይቆርጠዋል። ሁለቱን የቮልስዋገን ማብሪያዎች (ጥርሳቸው ኤም10 በ1 ነው) ብሎኩ ላይ ከጌጁ ሴንሰር ጎን ማስገባት ይሻላል። መርፌ ሁልጊዜ አይታይም፣ ጩኸት ግን ይሰማል። የሞተሩ ጤንነት መለኪያም ይኸው፦ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ በዝግታ ዙር 1 ባር ገደማ፣ በ5,000 ዙር 3 ባር ገደማ።

የሙቀት ጌጁን ይተዉት። ኢጄ22 ለኮምፒውተሩ ባለ ሁለት ሽቦ፣ ለጌጅ ደግሞ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር አለው፤ የሱባሩው ባለ አንድ ሽቦ ግን ከቲ3 ጌጅ ጋር አይስማማም። የቲ3ውን ሴንሰር በማኒፎልዱ ላይ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ማስገባት መርፌውን ወደ ልማዱ ይመልሰዋል። የውሃ መጠን ማነስን በብልጭታ የሚናገረውን ትንሽ መብራትና ቁጥር 43 ሪሌዩን እንዳይነኩ። ውሃ የጎደለበት ሞተር ላይ የሙቀት ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ መርፌው ዝም ባለበት ጊዜ የሚናገረው ይህ መብራት ነው።

የፍጥነት መለኪያው ትንሽ ስሌት ይጠይቃል። የቲ3 ኬብል የሚዞረው በግራ የፊት ጎማ ነው፣ አንድ ለአንድ፤ በ185 አር14 ጎማ በኪሎሜትር ወደ 500 ዙር ይሆናል። የሱባሩ ኮምፒውተር የሚጠብቀው በጃፓን ልማድ 637 ዙር ነው፣ በእያንዳንዱ አራት የኤሌክትሪክ ምት፣ በድምሩ 2,548። በቲ3ው ኬብል ላይ አራት ምት የሚሰጥ ሴንሰር ሲታሰር ኮምፒውተሩ 2,000 ገደማ ይቆጥራል፤ ፍጥነቱን በአምስተኛ ያህል ዝቅ አድርጎ ያየዋል ማለት ነው። ይህ ጉዳት የለውም። ምንም ምልክት አለመስጠት ግን የሞተር መብራቱን ያበራል፣ ፍሪሲዮን ተይዞ ወደ መቆሚያ ሲቀረብም ዙሩ ወርዶ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። በጂፒኤስ የሚሠራው መለኪያ ጎማ ቢቀየርም ትክክል ያነባል፣ ዋሻ ውስጥ ግን ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሲነሳም ሳተላይት እስኪያገኝ ያስጠብቃል፤ ለኮምፒውተሩ ምት የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩን ለብቻው መግዛትዎ አይቀርም። ኬብሉ ጤነኛ ከሆነ ኦሪጅናሉን መያዝ ይሻላል።

የዙር ጌጁ የለመደው ከኮይል የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ከሱባሩ ኮምፒውተር የሚወጣው 12 ቮልት ምልክት ላይቀሰቅሰው ይችላል። የምቱ ቁጥር ያው ነው፣ በአንድ ዙር ሁለት። ስለዚህ ምልክቱን የሚያጎላ ትንሽ ሳጥን በመሃል ሲገባ መርፌው ያለ ማስተካከያ ትክክል ያነባል። ዲናሞው ላይ ደግሞ ኤል የተባለው እግር ከቲ3ው ሰማያዊ የቻርጅ መብራት ሽቦ ጋር፣ ኤስ የተባለው ከባትሪው ጋር ይያያዛል። የካምፐሩን ሁለተኛ ባትሪ የሚያገናኘው ሪሌይ በዚያው ሰማያዊ ሽቦ ላይ እንዲንጠለጠል አይመከርም፤ ቮልቴጅ አይቶ ራሱ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን።

ኪቱን ከማዘዝ በፊት ካምቢዮው ሆድ ላይ የተመታውን ኮድ ማንበብ ያስፈልጋል። የናፍጣ ቲ3 ካምቢዮ ማርሾቹ አጭር ስለሆኑ ኢጄ22 በሀይዌይ ላይ ያለ እረፍት ይጮኽበታል። 4.57 ፋይናል (የመጨረሻው የማርሽ ጥምርታ) እና 0.85 አራተኛ ማርሽ ያለው የቤንዚን ካምቢዮ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲሄዱ ወደ 3,300 ዙር ያዞረዋል፤ ለዚህ ሞተር ምቹ ቦታ ነው። ካምቢዮው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ከወዲሁ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን 130 ፈረስ ከመጫኑ በፊት ይከፈት፤ አዳፕተሩ አንዴ ከታሰረ በኋላ ለመክፈት ሞተሩን ከካምቢዮው እንደገና መለየት ይመጣል።